የአሥራ አንድ ደቂቃ ሰላምታ

ሥራዬ ክፍተት መሙላት ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «ጊዜያዊ የክፍተት ሠራተኛ» ይለኛል፤ በዚሁ ጊዜያዊነቴ ሃያ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ቋሚ የተባሉ አራት ሥራ አስኪያጆች መጥተው ሄደዋል፣ ጊዜያዊዋ እኔ አለሁ። ስሜ ደብሪቱ ነው። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ «እትዬ ክፍተት!» ብለው ይጠሩኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

ከተማችን በሁለት ኮረብታ ላይ የተሠራች ናት። መሐሏን ወንዝ ይከፍላታል፣ በወንዙ ላይ አንድ ድልድይ አለ። በዚህ በኩል ያለው ላይ ሰፈር ይባላል፤ በዚያ በኩል ያለው ታች ሰፈር። ታች የተባለው ኮረብታው አጠር ስለሚል ብቻ ነው፤ የታች ሰፈር ሰዎች ግን ይህን ሲሰሙ አይወዱም። በየኮረብታው አናት አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቆሟል፤ የላይ ጣቢያና የታች ጣቢያ። እኔ የላይ ጣቢያ ሰው ነኝ።

በአገራችን ትንሽ ጣቢያ ብቻውን አይቆምም። በዋናው ከተማ ካሉት ታላላቅ ቤቶች አንዱን ይጠጋና ድራማውን፣ ዘፈኑን፣ ጨዋታውን ከዚያ ተቀብሎ ለሰፈሩ ያሳያል። እኛ የተጠጋነው ዝግባ ቤትን ነበር፤ የታች ጣቢያ ደግሞ ዋርካ ቤትን። ዝግባ ቤት «የጉድጓዱ ክርክር» የሚባል ድራማ አለው። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት ጉድጓድ ይካሰሳሉ። ክሱ ከተከፈተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ዳኛው እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የላይ ሰፈር ሰው «ዛሬስ ይናገራሉ» እያለ ማታ ማታ ይቀመጣል። ዋርካ ቤት ያለው ትግል ነው። ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ይያያዛሉ፣ ታች ሰፈር ይጮኻል፣ ጩኸቱ ወንዙን ተሻግሮ ለእኛም ይሰማል።

የእኔ ክፍተት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ታላቁ ቤት ሥርጭቱን የሚያስረክበን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከዋናው ከተማ ስልክ ይደወላል፤ ደዋዩ «ርክክብ» ይላል፤ የእኛ ቴክኒሻን «ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል፤ ከዚያ ማብሪያው ተገልብጦ ሥዕሉ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ሦስት ሴኮንድ ይበቃል ተብሏል። ደንቡን ያወጣው ሰው የእኛን ከተማ ሰው አያውቅም።

ቴክኒሻናችን ጋሽ ደግአረገ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ሰው ስልክ ደውሎለት አንዲት ቃል ተናግሮ በጆሮው ላይ መዝጋት ለእርሱ በር ላይ የመጣን እንግዳ ገፍቶ እንደመጣል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ፣ የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ ስልኩን አንስቶ እንደ ወጉ ሰላም አለ። በዚያ ጫፍ የነበሩት የዝግባ ቤቱ አቶ ዘለቀም ጨዋ ናቸውና መለሱ። በማግስቱም እንዲሁ። ሰላምታው እያደር እየሰፋ ሄደ።

«እንደምን አመሹ አቶ ዘለቀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አመሹ?»

«ይመስገነው። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ዝናቡ ሲመጣ ያመኛል፣ ሲያባራ ይተወኛል። የልጅዎ ልጅ ጥርስ አወጣ?»

«ሁለት አወጣ። መንከስ ጀምሯል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ደቂቃ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዎች በአካል ተያይተው አያውቁም። ስልክ ሳይዘጋ ማብሪያ መገልበጥ ክልክል ስለሆነ፣ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ሰላምታውን አሳጥር ማለት ነውር ሆነባቸው። ለአናጢው ለአቶ ሙጨ ነግረው አንድ ወንበር አሠሩ፣ ከኋላው መጋረጃ አሰቀሉ፣ እኔን ከጽዳት ክፍል አምጥተው ማይክሮፎንና ካሜራ ፊት አስቀመጡኝ። «የመጣልሽን ተናገሪ፤ ብቻ ባዶ አይሁን» አሉኝ።

እኔም ከተማዋን ማንበብ ጀመርኩ። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣልቶ ሽማግሌ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን አርፎ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ። በቅርቡ ያነበብኩትን ለምሳሌ ላንሳ፦ «የወይዘሮ ይርገዱ ቀይ ጊደር ከድልድዩ ማዶ ታይታለች። ያገኘ ይሰርልን። ለማለብ የሚሞክር ካለ አይልፋ፤ ገና አልወለደችም።» ይህን የመሰለ ነገር ነው። ታች ሰፈሮች አንቴናቸው ወደ እኛ ስለማይመለከት በማግስቱ ጠዋት ገበያ ላይ ከላይ ሰፈር ዘመዶቻቸው ይሰሙታል። በሦስተኛው ዓመት የከተማው ጥሩንባ ነፊ ሥራ ፈትቶ ጥሩንባውን ሰቀለና ንብ ማነብ ገባ። ማሩ ጥሩ ነው።

ያ ደብዳቤ የመጣው በሃያኛው ዓመት ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቢያድግልኝ ሰብስበው አነበቡልን። ዝግባ ቤትና ዋርካ ቤት ተነጋግረው ጥገኞቻቸውን ተለዋውጠዋል፤ ከወሩ መባቻ ጀምሮ የላይ ጣቢያ የዋርካ ቤት ይሆናል፣ የታች ጣቢያ የዝግባ ቤት። ምክንያቱ «ለተሻለ እይታ» ነው። መጨረሻው ላይ «በተመልካቹ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ኢምንት ነው» ይላል።

«ኢምንት ማለት ስንት ነው?» አለ ጋሽ ደግአረገ።

«አልተጻፈም» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

ሰፈሩ ውስጥ ግን የማይሆን ነገር ተፈጠረ። የላይ ሰፈር ሰው የጉድጓዱን ክርክር ለማየት አንቴናውን ወደ ታች ኮረብታ ማዞር አለበት፤ የታች ሰፈር ሰውም ትግሉን ለማየት ወደ እኛ። አንቴና ማዞር ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። እያንዳንዱ አንቴና ቤቱ ሲሠራ በእርሳስ ታሽጎ ይተከላል፤ ማኅተሙን የሚጠብቁት የአንቴና ሹም ናቸው። ማዞር የፈለገ ማመልከቻ ያስገባል። ከማመልከቻው ጋር የሰባት ጎረቤት ፊርማ፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚገልጽ ማስረጃና አንቴናው ቢዞር ቅር እንደማይለው የሚመሰክር አንድ የታወቀ ሰው ያስፈልጋል። መልሱ የሚመጣው በሰባተኛው ወር ነው። ሹሙ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የራሳቸውም አንቴና ታሽጓል።

ሕጉ አንቴና አይንቀሳቀስ ይላል እንጂ ሰው አይንቀሳቀስ አይልም። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ማን እንደሆነ እስከዛሬ ይከራከሩበታል። ብቻ ከተማው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት ተለዋወጠ። የላይ ሰፈር ሰው አልጋውንና ቁምሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ታች ወረደ፤ የታች ሰፈር ሰው የራሱን ተሸክሞ ወደ ላይ ወጣ። አልጋ ያወረደው አልጋ ካወጣው ጋር ድልድዩ ላይ ሲገናኝ ሸክሙን አስቀምጦ ሰላም ይባባላል፤ ስለዚህ ከሳምንቱ አምስቱ ቀን ያለቀው ድልድዩ ላይ ነው። አቶ ሙጨ መዶሻውን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ አልጋ ይፈታል፣ አልጋ ይገጥማል። ሁሉም ደስ ብሎት ገባ። ድመቶች ብቻ እምቢ ብለው በየቤታቸው ቀሩ፤ ማታ ማታ የማያውቁትን ሰው አፍጥጠው ያዩ ነበር።

እኔና ጋሽ ደግአረገ ቤታችን የጣቢያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ የትም አልሄድንም።

የወሩ መባቻ ደረሰ። አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ደግአረገ አዲሱን ሰው ለመቀበል ኮቱን ለብሶ ነበር።

«ርክክብ» አለች የሴት ልጅ ድምፅ።

«እንደምን አመሸሽ ልጄ? እኔ ደግአረገ...»

«ርክክብ።»

«ቤተሰብ ሁሉ ደህና...»

«አባቴ፣ እባክዎን፤ ትርፍ ቃል ክልክል ነው። ርክክብ።»

ጋሽ ደግአረገ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ «ተረክቤያለሁ» አለና ስልኩ ተዘጋ። ማብሪያውን ገለበጠው፤ ሁለቱ ወፋፍራም ሰዎች ተያይዘው መጡ። እኔ ወረቀቴን ይዤ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ጋሽ ደግአረገ፣ ኮቱን እያወለቀ።

የላይ ሰፈር የድሮ ሰዎች መጀመሪያ ላይ አልደነገጡም። አሥራ አንዱ ደቂቃ ከዝግባ ቤት ጋር አብሮ ወደ ታች ጣቢያ የወረደ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን የታች ጣቢያ ቴክኒሻን የዋርካ ቤት ሥልጠና የወሰደ ልጅ ነው፤ አቶ ዘለቀ ደውለው «እንደምን አመሸህ ልጄ» ሲሉት «ተረክቤያለሁ» ብሎ ዘጋባቸው። በሦስተኛው ቀን አቶ ዘለቀ ጡረታ ጠየቁ ተባለ። ስለዚህ ነገሩ ከላይም ጠፋ፣ ከታችም አልተገኘ። ሰው ተደነቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ አሥራ አንዱን ደቂቃ የሚሰጠን ዝግባ ቤት ነው የሚሉ ነበሩ፤ የለም ጣቢያው ነው የሚሉም ነበሩ። የሁለት ሰዎች ሰላምታ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም ራሴ በደንብ አላሰብኩትም።

አቶ ቢያድግልኝ ቢሮ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤ ነበር።

«ደብሪቱ፣ እኔ ብሆን አልፈልግም ነበር» አሉ። «ግን ክፍተት ከሌለ የክፍተት ሠራተኛ አይኖርም። ሦስት ወር ይጠበቃል። ሦስት ወር ክፍተት ካልታየ ይሰናበታሉ ይላል።»

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩም።»

ለሦስት ወር ማታ ማታ ወንበሩ ላይ እንድቀመጥ ታዘዝኩ፤ ክፍተት አለመኖሩ የሚረጋገጠው የክፍተት ሠራተኛዋ በቦታዋ ሳለች ነውና። እኔም እልህ ያዘኝ። በሦስት ሴኮንድ የሚቻለኝን ልናገር ብዬ በመጀመሪያው ሳምንት ማይክሮፎኑን ከፍቼ «የጠፋ...» ከማለቴ ትግሉ መጣ። በማግስቱ የከተማው ሰው ምን እንደጠፋ ሳያውቅ መፈለግ ጀመረ። ጉድጓድ የተመለከተ አለ፣ ጣራ የወጣ አለ። ሁለት ሰዎች አግኝተናል ብለው ጣቢያው ድረስ መጡ፤ ምን እንዳገኙ ግን እነርሱም አያውቁትም። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ አካባቢ ሕይወት የተመቸ ይመስል ነበር። ታች የወረዱት በየቀኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ተጨማሪ ክርክር ያያሉ። ላይ የወጡትም ንፋሱ ጥሩ ነው አሉ። የጎደለውን ሰው ያወቀው ቀስ እያለ ነው። አንዱ ልጁን ሲድር ግማሹ ዘመዱ ሳይሰማ ቀረ። የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ የት እንደሚቀመጥ አጥተው እንደተጣሉ ከረሙ። ቤት ሁሉ ተለዋውጦ ማን የት እንደገባ በእርግጥ የሚያውቅ ጠፋ።

በሦስተኛው ወር መግቢያ ላይ አናጢው አቶ ሙጨ አረፈ። ከመንገድ ዳር ስለት ሲሞርድ ውሎ፣ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ባለቤቱ ወይዘሮ ይርገዱ በየቤቱ መልእክተኛ ላከች። መልእክተኞቹ የሄዱት የሚያውቁት በር ላይ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለው ሌላ ሰው ነው። «እነ እገሌ የት ናቸው?» ሲሉ፣ «ታች ወርደዋል» ይባላሉ፤ የታችኛው የትኛው ቤት እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። እንዲህ ሲዞሩ ሰዓቱ ደረሰ። በከተማችን ሙጨ ያልሰቀለው በር የለም። ቀብሩ ላይ ሰባት ሰው ተገኘ፤ ከሰባቱ ሁለቱ ቆፋሪዎች ነበሩ።

እኔም አልነበርኩም። ሃያ ዓመት የሰው ሞት ስናገር የኖርኩት ሴትዮ የሙጨን ሞት የሰማሁት በአራተኛው ቀን፣ ጎመን ስገዛ ነው። ጎመኑን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። ወይዘሮ ይርገዱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ደብሬ» አለችኝ፣ «ሙጨ ሰው የለውም እንዴ? እኔስ ሰው ያለው መስሎኝ ነበር።»

የተቀመጥኩበትን ወንበር የሠራው እርሱ ነው። አፈርኩ፤ ይህን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲደርስ ከተማው በሙሉ አፈረ። ሽማግሌዎች ወደ ለቅሶ ሹም ሄደው ሙጨ እንደገና ይቀበር ዘንድ ለመኑ። የለቅሶ ሹም ደንባቸውን አገላብጠው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም፤ ሆኖም «የዘገየ ለቅሶ» የሚባል ፈቃድ አለ አሉ። እንደ ደንቡ ቢሆን ፈቃዱ ሰባ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሹሙ ግን እርሳቸውም አፍረው ስለነበር በዘጠኝ ቀን ጨረሱት። ላይም ታችም ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድልድዩ ላይ መተላለፊያ ጠፋ። ጋሽ ደግአረገ የሙጨ አብሮ አደግ ነው፤ አንድ ላይ ነው ዋና የተማሩት፣ አንድ ላይ ነው የተገረፉት። ከጠዋት እስከ አመሻሽ አለቀሰ። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ ትንፋሽ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሦስቱ ወር ሊሞላ አምስት ቀን ቀርቶታል። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ጮኸ።

«ርክክብ» አለች ልጅቱ።

«ተረክቤያለሁ» አለ ጋሽ ደግአረገ። ድምፅ አይባልም፤ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ነው የሚመስለው።

ስልኩ አልተዘጋም። ጋሽ ደግአረገ እጁ ማብሪያው ላይ ነው፣ ይጠብቃል።

«ድምፅዎ ምን ሆነ?» አለች።

ጋሽ ደግአረገ እጁን ከማብሪያው ላይ አነሳ። ከዚያ «ጓደኛዬ ሞቶብኝ ነው ልጄ» አለ።

«ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ?»

«ቆየ። እኛ ነን የዘገየነው።»

«እንዴት ዘገያችሁ?» አለች፤ እርሱም በዚያች በተዘጋች ድምፁ ከሥሩ ይነግራት ጀመር።

አቶ ቢያድግልኝ ከቢሯቸው እየሮጡ መጡ። «ደብሪቱ! ባዶ ነው! ባዶ ሆኗል!» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ያዘጋጀኋቸው ወረቀቶች ከወንበሩ ሥር ተከምረው ነበር። ሳልናገር ግን ትንሽ አለቀስኩ፤ ከተማው ሁሉ አየኝ፤ ይየኝ። ከዚያ አነበብኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት «አናጢው አቶ ሙጨ ሰው የነበረው ሰው ነው» የሚለውን ነው። ቀጥዬ ለቅሶው ላይ እየጠየቅኩ በጻፍኩት መሠረት ማን የትኛው ቤት እንደገባ በስም በስሙ ጠራሁ። ታች የወረዱት እንደማያዩኝ አውቃለሁ፤ ግን ላይ ሰፈር የነበረው ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለቀቀልኝ፣ ደግሞም ለመስማት ድልድዩ ድረስ የመጡ ነበሩ። ጋሽ ደግአረገ ስልኩን ሲዘጋ ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሞልቶ ነበር።

ልጅቱ ፀዳለ ትባላለች። በማግስቱ «ርክክብ» ካለች በኋላ «ትንሽ ተሻለዎት?» አለች። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱን ጠየቀች። እርሱም የእናቷን ዓይን ሕመም ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸዋል?

ዋርካ ቤት በላይ ጣቢያ መስመር ላይ ብልሽት አለ ብሎ ተቆጣጣሪ ላከ። ሰውየው ሣጥን ሙሉ መለኪያ ይዞ በጠዋቱ አውቶቡስ ደረሰ፤ በከሰዓቱ አውቶቡስ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ከመናኸሪያው እስከ ጣቢያው ያገኘው ሰው ሁሉ እንግዳ ነውና ሰላም አለው፤ አገሩን፣ ወላጆቹን፣ መንገዱን ጠየቀው። ኮረብታው ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ሦስት ቀን ሰነበተ። መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ሰካ፤ ሁሉም ደህና ነው አሉት። በሦስተኛው ማታ ከጋሽ ደግአረገ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሰላምታውን ከዳር እስከ ዳር አዳመጠና ሪፖርቱን ጻፈ። ቅጂው በአቶ ቢያድግልኝ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፦ «መስመሩ ጤነኛ ነው። ከተማዋ ከእኛ ያላት ርቀት አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ተገኝቷል። ርቀት ሊጠገን አይችልም።» ዋርካ ቤት ተቀበለው። እኔም አዲስ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ጊዜያዊነቴ ጸንቷል።

እንዲህ ሆነን ደስ ብሎን አንድ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ታላላቆቹ ቤቶች እንደገና ተነጋግረዋል፤ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፤ እኛ ወደ ዝግባ ቤት፣ ታች ወደ ዋርካ ቤት። «ለተሻለ እይታ» ይላል።

አልጋውን ያነሳ ሰው አልነበረም። ድመቶቹም ለምደዋል። የጉድጓዱን ክርክር ስለማጣት ያዘነ ጥቂት ነው፤ ባለፈው ሰሞን ዳኛው አንዴ «እህ» ብለው ስለሳሉ ሰው ለጊዜው ረክቷል። ገበያ ላይ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ደብሬ፣ ስልኩ ላይ ማን ነው የሚሆነው?»

ይህን አላውቅም ነበር። አቶ ዘለቀ ጡረታ ናቸው። ዝግባ ቤትም ከታች ጣቢያ ጋር ሲሠራ ሦስት ሴኮንዱን ወዶታል፣ አዳዲስ ልጆቹን በዚያው አሠልጥኗል ይባላል። ፀዳለ በመጨረሻው ማታ አርባ ደቂቃ ቆየች። የማነበው አልቆብኝ ባለፈው ዓመት የጠፉትን ከብቶች ደገምኩ። ጋሽ ደግአረገ ስልኩን ዘግቶ ማብሪያውን ገለበጠና መሬት መሬት አየ።

«ነገ ማን ያነሳልኛል ደብሬ?» አለኝ።

«የሚደውሉት እነሱ ናቸው ጋሼ፤ አንተ ነህ የምታነሳው።»

«እሱን አይደለም ያልኩሽ» አለ።

በማግስቱ ኮቱን አልለበሰም። ወረቀቴን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አቶ ቢያድግልኝ በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ደግአረገ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አነሳው፤ እኔም እንድሰማ ወደ እኔ ዘንበል አደረገው።

«ርክክብ» አለ አንድ የጎረምሳ ድምፅ።

ጋሽ ደግአረገ ዓይኑን ጨፈነ። አፉን ከፈተ።

«ይቅርታ፣ ገና አልጨረስኩም» አለ ልጁ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «ፀዳለ የምትባል ልጅ ከዋርካ ቤት ድረስ በእግሯ አምጥታ የሰጠችኝ ጽሑፍ አለ። አንድ ሙሉ ገጽ ነው። ከላይ ‹መጀመሪያ ጉልበቱን ጠይቅ› ይላል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

ጋሽ ደግአረገ በእግሩ በርጩማዋን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

«ዝናቡ ሲመጣ ያመኛል» አለ፣ «ሲያባራ ይተወኛል። አንተስ፣ እናት አባት አሉህ?»

እኔም ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ። «የወይዘሮ ይርገዱ ቀይ ጊደር ትናንት ወልዳለች። እናትም ጥጃም ደህና ናቸው።»